ቢጫው አበባ ለምን ቁራጭ ወረቀት ይመስላል? የመንገድ ዳር አበባና አረምን በስልክ ማንሳት፦ ችግርና መፍትሄ

መስከረም ሲጠባ ስልኩን አውጥቶ አደይ አበባ የማያነሳ የለም። ቤት ገብቶ ፎቶውን ሲያየው ቅር የሚለውም ብዙ ነው። ጥፋቱ ወዲያው ስልኩ ላይ ይለጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የቆምንበት ቦታና ሰዓቱ ነው።

ከሁሉ በፊት ሌንሱን ጥረጉት። ኪስና እጅ ላይ የዋለ ስልክ የጣት ቅባት አያጣውም። ፎቶው ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

«ቢጫው አበባ ቁራጭ ወረቀት መሰለ»

የአደይ አበባና አደይን የሚመስለው ቢጫ አረም፣ የመጭ፣ ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። ካሜራው ብርሃን ሲለካ ዙሪያውንም ያያል። ዙሪያው ጥቁር አረንጓዴ ሳር ከሆነ ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል። በፀሐይ የሚያበራው አበባ ያኔ ከልኩ ያልፋል። ካሜራ ውስጥ ቢጫ የሚገኘው ከቀይና ከአረንጓዴ ነው፤ ሁለቱም ጣሪያ ሲነኩ በአበባው ቅጠሎች ላይ ያሉት ስስ መስመሮች ድራሻቸው ይጠፋል። አንዴ ከጠፉ በኤዲቲንግም አይመለሱም።

መፍትሄው፦ ስክሪኑ ላይ አበባውን ነካ አድርጉት። የፀሐይ ምልክት ስትመጣ ወደ ታች ጎትቷት፣ ምስሉ ትንሽ የጨለመ እስኪመስላችሁ። የጨለመ በኋላ ይስተካከላል፤ የነጣ ግን አይመለስም።

ሰዓትም ምረጡ። አዲስ አበባ ላይ በመስከረም እኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ጥላው ድፍን ጥቁር፣ አበባው ድፍን ቢጫ ይሆናል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ቀትር ላይ የግድ ከሆነ ነጭ ነጠላ በፀሐይና በአበባው መካከል ወጥሩ። ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ ዕቃ አለ፣ ነጠላ ግን ምንም አያንሰውም። ቀይ ጃንጥላ ግን አትዘርጉ፤ አበባውን ያቀላዋል።

«ከኋላ ያለው ሳር ጠርቶ አበባው ደበዘዘ»

ወይ በጣም ተጠግታችኋል፣ ወይ ካሜራው ቀጭኑን አበባ ዘሎ ኋላውን ይዟል። የብዙ ስልክ ዋና ካሜራ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ሲጠጉት አያጠራም። ማክሮ (በጣም ቀርቦ ማንሻ) ካለው ክፈቱት፤ ከሌለው ራቅ ብላችሁ በ2 እጥፍ ዙም አንሱ። አልሆን ካለ መዳፋችሁን አበባው ጎን፣ በእኩል ርቀት አስቀምጡ። ስክሪኑ ላይ መዳፋችሁን ተጭናችሁ ያዙ፤ ፎከሱ ይቆለፋል። ከዚያ እጃችሁን አንሱና ፎቶውን ውሰዱ።

«ነፋሱ አላስነሳ አለኝ»

ጠዋት ሂዱ። ካልሆነ ተከታታይ ፎቶ አንሱና አንዷን ምረጡ። ግንዱን በሁለት ጣት መያዝም ይቻላል፣ ምን እንደያዛችሁ ካወቃችሁ። ሳማ ይለበልባል፤ ቅንጭ አረም ደግሞ ቆዳ ያሳክካል።

«አበባው ሽቦና ፌስታል ውስጥ ጠፋ»

ቆማችሁ ከላይ ስላነሳችሁት ነው። ተንበርከኩ፣ ስልኩን ገልብጣችሁ ሌንሱን መሬት አስጠጉት። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስትሉ ከኋላ ያለው ምሰሶ ከፎቶው ውጭ ይሆናል። ግን ሁልጊዜ አታጽዱ። አስተናግር የተባለው አረም የሚወደው ቆሻሻ መጣያና ፍርስራሽ ነው፤ ፌስታሉ ቢገባ እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም።

«አስተናግርን ሁልጊዜ ጠውልጎ ነው የማገኘው»

ነጩ ጥሩንባ መሳይ አበባ የሚከፈተው ወደ ማታ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ይጠወልጋል። ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ ወይም በማለዳ ሞክሩት። ፍላሽ ይቅር። መርዛማ ስለሆነ ከነካችሁት እጃችሁን ታጠቡ፣ ልጆችንም አርቁ።

«የተክል ስም የሚነግረኝ አፕ አንዴ አደይ፣ አንዴ መጭ ይለኛል»

የአበባውን ፊት ብቻ ስላሳያችሁት ነው። ቢጫ አበቦች ከፊት ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የአደይ አረንጓዴ ቅጠል የተከፋፈለ ነው፤ የመጭ ግን ያልተከፈለ ሙሉ ቅጠል ሆኖ፣ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ግንዱን ታኮ ይወጣል። ስለዚህ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ቅጠሉን፣ ሙሉ ተክሉን አንሱ። እንደ አይናቹራሊስት ያሉ አፖች ለአንድ ተክል ብዙ ፎቶ ይቀበላሉ።

«ጥበቃው መጥቶ አስቆመኝ»

ያስጠረጠራችሁ አበባው ሳይሆን ከኋላው ያለው አጥር ነው። ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት ሰላም በሉ፦ «ጋሼ፣ ይቺን አበባ ላንሳ?» ሌንሱን ወደ መሬት አድርጉ፣ ያነሳችሁትንም አሳዩት። እምቢ ካለ አትከራከሩ። አረም ነውና ቀጣዩ አጥር ሥርም አይጠፋም።