የማይነበቡ የእንግሊዝኛ ፊደላትን እንዴት እናጥና?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ደብረ ማርቆስ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። በቃል ጽሕፈት ፈተና ላይ መምህሯ «ናይፍ» ሲል ሰማች፤ በኤን ጀምራ ጻፈችው። ኤክስ ሆነባት። «ጋሼ፣ የሰማሁትን እኮ ነው የጻፍኩት!» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ በአማርኛ የሰማነውን እንጽፋለን። «ናይፍ» ግን የሚጀምረው በኬ ነው። ቢላ ማለት ነው፣ ኬው አይነበብም።

ያን ቀን የነገርኳትን ነው ለእናንተም የምነግራችሁ። ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ ወይም ጎንጅ የተማረን ሰው ጠይቁ። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሰው ሰረቀ ማለት ነው። በአፋችን ሁለቱ አንድ ከሆኑ ቆይተዋል፣ ፊደሉ ግን የጥንቱን ልዩነት ይዞ ቀርቷል። የእንግሊዝኛውም ኬ እንደዚሁ ነው። እንግሊዞች ድሮ «ክኒፍ» ይሉ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ኬን ከአፋቸው ጣሉት፣ ከጽሕፈታቸው ግን አላወጡትም።

እንግዲህ አንድ ደብተር አዘጋጁ። መዝገበ ቃላት ከኤ እስከ ዜድ መሸምደድ አልመክርም፣ ቶሎ ያሰለቻል። ለአንድ የፊደል ጥንድ አንድ ገጽ ስጡ።

የመጀመሪያው ገጽ የኬና የኤን ይሁን። ቃላቱን በራሳቸው ፊደል ጻፉ፣ ከጎናቸው ትርጉማቸውን። ኒ ጉልበት ነው። ኖት ቋጠሮ፣ ኖክ ማንኳኳት፣ ኒድ ሊጥ ማቡካት፣ ኖው ማወቅ። በቀን ከ5 ቃል አትለፉ።

ቀጥሎ የየኔታን ዘዴ ተጠቀሙ። ዳዊት የደገመ ሰው «ግዕዝ» የሚባለውን የንባብ ደረጃ ያውቀዋል። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ጎላ ተደርጎ ይነበባል፣ ማያያዙ ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ «ኬ፣ ኤን፣ ኦ፣ ቲ» በሉ። ከዚያ «ኖት»። ስትጽፉ ደግሞ በልባችሁ «ክኖት» በሉ። ዝም ያለው ፊደል በልብ ከተነበበ እጅ አይረሳውም።

ሁለተኛው ገጽ የደብልዩና የአር ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ደብልዩዋ አትነበብም፣ ግን ቃላቱን ስታሰልፏቸው ብዙዎቹ ከመጠምዘዝ ጋር ዘመድ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ሪንግ የታጠበ ልብስ ጠምዝዞ መጭመቅ ነው። ሪስት የሚዞረው የእጅ አንጓ። ሬስል ትግል መግጠም። ሪዝ የአበባ ጉንጉን። ሪንክል የፊት መጨማደድ። «ሮንግ»ስ? ስህተት ማለት ነው፣ የጥንት ትርጉሙ ግን «ጠማማ» ነው። እኛስ ክፉ ሰውን ጠማማ አይደል የምንለው? ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ዓይኗ በራ። ከዚያ ወዲህ ሮንግ ስትጽፍ ደብልዩን ረስታ አታውቅም።

ሦስተኛው የጂና የኤች ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። ድሮ ድምፁ ወደ እኛ «ኸ» የቀረበ ነበር። ጀርመኖች ዛሬም ሌሊትን «ናኽት» ይላሉ። እንግሊዞቹ «ናይት» ብለው ፊደሎቹን ዝም አሰኟቸው። ላይት ብርሃን ነው፣ ፋይት መጣላት፣ ራይት ደግሞ ቀኝ፣ ትክክል፣ መብት። ጥቂት ቃላት ላይ ግን ይኸው ጥንድ «ፍ» ይሆናል። ላፍ መሳቅ፣ ኮፍ ማሳል፣ ኢነፍ በቂ። እነዚህን በቀይ እስክሪብቶ ለይታችሁ ጻፏቸው።

እዚህ ላይ አንድ ኅብር፣ ማለትም አንድ ድምፅ ሁለት ትርጉም የሚይዝበት ቃል አለ። «ናይት» በኬ ሲጀምር ሌሊት መሆኑ ይቀርና የጥንት አውሮፓ ፈረሰኛ ጦረኛ ይሆናል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው እነሱን እያሰበ ኬዋን ይጨምርባት።

አራተኛው አጭር ነው፣ የማትነበብ ቢ። የእንግሊዝኛው «ላም» የበግ ግልገል፣ ክላይም መውጣት፣ ሁለቱም መጨረሻቸው ላይ ቢ አለች። ዴት ማለትም ዕዳ ግን ከቲ በፊት ነው ያለችው። እሷን ሊቃውንት ከላቲን ሥሩ ጋር እንዲመሳሰል ብለው ያስገቧት ናት፣ በእንግሊዝኛ ተነብባ አታውቅም።

አምስተኛው የፒና የኤች ነው። ሁለቱ ተጋግዘው «ፍ» ይላሉ፤ አብዛኞቹ ቃላት ከግሪክ የመጡ ናቸው። ፎቶ ብርሃን ነው፣ ግራፍ ጽሕፈት። ስለዚህ ፎቶግራፍ በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ይህን ገጽ ቤት ቁጭ ብላችሁ አትሙሉት። ከመናኸሪያው ጀምራችሁ በከተማው እየሄዱ ታፔላ ማንበብ ነው። መድኃኒት ቤቱም ፎቶ ቤቱም በዚህ ጥንድ የተጻፈ ነገር አያጡም።

በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ሰው ቃላቱን ከየገጹ እያቀላቀለ ያንብብላችሁ፣ እናንተ ጻፉ። የሳታችሁትን ቃል በማግስቱ ከአዲሶቹ 5 ቃላት ፊት አስቀድሙት። «ናይት» ሲመጣ ግን አንባቢውን አስቁሙና «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁት።