መኪናው አልነሳ ሲል፦ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁን ስሙ

ጠዋት ቁልፉ ዞሮ መኪናው ዝም ሲል መጀመሪያ ወደ አፍ የሚመጣው «ባትሪው ሞቷል» ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እውነት ባልሆነ ቀን ግን አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ መኪናው ይነሳል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ያው ጸጥታ ይመለሳል። ጥፋቱ የዛገ የባትሪ ማሰሪያ ወይም ባትሪውን የማይሞላ ዲናሞ ነበርና። ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው የሚያሰማውን አድምጡ፣ ከዚያም ለኩ። በጣም ርካሹ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ የ10 ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ፣ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀትና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ካላችሁ አብዛኛውን ሥራ ትወጡታላችሁ።

ማርሹን ኒውትራል፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፓርኪንግ ላይ አድርጉ። የእጅ ፍሬን ሳቡ፤ ሬዲዮና ማራገቢያ አጥፉ። የፊት መብራት አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ፤ ሌላ ሰው ከፊት ቆሞ መብራቱን ይይላችሁ። መብራቱ ጭልም እያለ ከኮፈን ሥር ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ተከታታይ ድምፅ ካለ ኃይል አንሷል። መብራቱ እንደ ደመቀ አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ ካለ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ጠርጥሩ። መብራቱ ደማቅ ሆኖ ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ትእዛዙ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። ሞተሩ እንደ ወትሮው እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ተዉአቸው፤ የጎደለው ነዳጅ ወይም እሳት ነው።

ኃይል ሲያንስ

ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ባትሪውን ለኩ። ሌሊቱን የቆመ መኪና 12.6 ቮልት ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ባዶ ማለት ይቻላል። ሞልቶ አድሮ እንኳ 10.5 አካባቢ የሚያሳይ ከሆነ አንዱ ሴል ሞቷል። ባትሪው እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት የሚሰጡ ስድስት ሴሎች አሉት፤ አንዱ ሲጎድል የሚቀረው ይኸው ነው። ያን ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው።

የቆመ ባትሪ ቁጥር ብቻውን ግን ያታልላል። ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቴስተሩን እያያችሁ ቆዩ፤ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ሸክም አይችልም። ከ10 በላይ ቆይቶ ሞተሩ ካልዞረ ደግሞ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ ባትሪ ሻጭ ጋ መሄዳችሁን ትታችሁ ገመዶቹን ፈትሹ።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር የባትሪውን ራስ ከከበበው መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፍቱ። ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ በጥርስ ብሩሹ እጠቡት፤ ውሃው ወደ ሴሎቹ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጥበቁ። ከደረቀ በኋላ የማሰሪያውን ውስጥና የባትሪውን ራስ እርሳሱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ስትመልሱ ፖዘቲቩ ይቀድማል። ማሰሪያው በእጅ ሲነቀነቅ ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም። ላልቶ ሲገኝ የቆርቆሮ ቁራጭ መወተፍ የተለመደ ቢሆንም መፍትሔ አይደለም፤ ማሰሪያውን ቀይሩት።

ከኔጌቲቭ ወደ ቦዲና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የማሳ ገመድም አትርሱ። ቴስተሩን በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል አድርጋችሁ ሞተሪኖውን አዙሩ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ዝጓል ወይም ላልቷል። በፖዘቲቩና በሞተሪኖው ወፍራም ብሎን መካከል ደግሞ ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም።

ባትሪው ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ውሃው በውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሳህኖች ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል መሸፈን አለበት። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ ማዕድኑ ሳህኖቹን ያበላሻል፤ የጎደለው ውሃ ስለሆነ አሲድ መጨመርም ጥፋት ነው።

በኬብል ማስነሳት

ለትንሽ ቤንዚን መኪና መዳቡ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለናፍጣ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ኬብል ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ያሉ አንዳንድ ኬብሎች ፕላስቲካቸው ወፍራም፣ መዳባቸው ግን ክር ነው፤ ሲግሉ ታውቋቸዋላችሁ። ሁለቱ መኪኖች አይነካኩ፤ ሁለቱም ይጥፉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ቀዩን በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ።
2. የቀዩን ሌላ ጫፍ በደህናው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ።
3. ጥቁሩን በደህናው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ።
4. የጥቁሩን ሌላ ጫፍ በማይነሳው መኪና ሞተር ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ካለ ቀለም ከሌለው ብረት ጋር።

የመጨረሻው ጫፍ ሲነካ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል። ሲፈነዳ አሲዱ የሚረጨው ፊት ላይ ስለሆነ አራተኛውን በባትሪው ራስ ላይ አታድርጉት። ደህናውን መኪና አስነሥታችሁ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ ሞክሩ። ሲነሳ በመጣችሁበት ተገላቢጦሽ አንሡ። ቀይና ጥቁር ከተለዋወጠ ዋናው ፊውዝና የዲናሞው ዳዮድ ይቃጠላሉ፤ ስለዚህ ቀለሙን ሳይሆን በባትሪው ላይ የታተመውን የመደመርና የመቀነስ ምልክት እዩ።

ገፍቶ ማስነሳት ለማንዋል ብቻ ነው። ቁልፉ ኦን ላይ፣ ማርሹ ሁለተኛ ላይ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ መኪናው ሲፈጥን ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። በዚያ ሰዓት ፍሬኑና መሪው ከባድ እንደሚሆኑ አስቡ፤ ቁልቁለት ላይ ሰው ባለበት አትሞክሩት።

መኪናው ተነሳ ማለት ግን ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12 ነጥብ ምናምን ላይ ሆኖ እየወረደ ከሄደ ቺንጋው ላልቷል፣ ወይም የዲናሞው ካርቦን (እየተሻሸ ኤሌክትሪክ የሚያሻግረው ቁራጭ) አልቋል፣ ወይም ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል። አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ማሰሪያ ነቅሎ ዲናሞ መፈተን ይቅር። በካርቡራተር ዘመን ያልፍ ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ቮልት የመኪናውን ኮምፒውተር ሊገድል ይችላል፤ የእሱ ዋጋ ደግሞ ከዲናሞው በእጅጉ ይበልጣል።

አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ዝም ሲል

ባትሪውም ገመዱም ደህና ሆኖ ቁልፉ ሲዞር አንድ ቀጭ ብቻ ከተሰማ፣ አሥር ጊዜ ሲሞከር ደግሞ በድንገት የሚነሳ ከሆነ፣ በቶዮታ ኮሮላም በቪትዝም ላይ የተለመደ ነገር ነው። ሞተሪኖው ላይ ያለው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ) በውስጡ ሁለት የመዳብ ንክኪዎች አሉት። በጊዜ ብዛት ይበላሉ፤ ሶሌኖይዱ ይስባል፣ መዳቡ ግን አይነካም። ንክኪዎቹ ለብቻቸው ተገዝተው ይቀየራሉ፤ የሶሌኖይዱ ፕለንጀር (የሚሳበው ብረት) ከተበላም አብሮ ይቀየራል። ሙሉ ሞተሪኖ ይቀየር ከመባሉ በፊት ይህን ለኤሌክትሪሺያኑ ጠይቁ። ሞተሪኖውን በብሎን መፍቻ ቁልፍ ጀርባ ቀስ ብሎ መምታት ያለቀ ካርቦንን ለአንድ ቀን ያነቃዋል፤ ወደ ጋራዥ ለመድረስ ይበቃል እንጂ ጥገና አይደለም።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለ አውቶማቲኩን ከፓርኪንግ ወደ ኒውትራል አዛውራችሁ ሞክሩ፤ ከተነሳ የማርሹ ስዊች ነው። በፍሪሲዮን ስዊች የሚነሳ ማንዋል ከሆነ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ርገጡት። የቁልፍ ሥዕል ያለበት መብራት ቁልፉ ከገባ በኋላም ብልጭ ድርግም ካለ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም፤ መለዋወጫውን ቁልፍ ሞክሩ፣ ሌሎች ቁልፎችን ከመያዣው ላይ አውልቁ። በቁልፍ ሳይሆን በአዝራር የሚነሳ ቶዮታ ከሆነና የሪሞቱ ባትሪ ካለቀ፣ ፍሬን ረግጣችሁ ሪሞቱን በቶዮታ ምልክቱ በኩል ወደ ማስነሻው አዝራር አስጠጉ፤ ሲያውቀው አዝራሩን ተጫኑ።

እየዞረ የማይነሳ

ሞተሪኖን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፤ በመካከሉ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ አሳርፉት፤ ካልሆነ ይቃጠላል።

አጭሩ መንገድ አንድ ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ፈትቶ ማየት ነው። ደጋግማችሁ ካዞራችሁ በኋላ ካንዴላው እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ ይደርሳል፣ እሳት ግን የለም፤ ወይም ሞተሩ በነዳጅ ታፍኗል። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልመጣም።

የታፈነ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው መኪናው ጠዋት ከግቢ በር ድረስ ብቻ ተነድቶ ወዲያው ሲጠፋ ነው። ጋዙን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ ያዙና ከ5 እስከ 10 ሰከንድ አዙሩ። በዚህ ሁኔታ አብዛኛዎቹ ኢንጀክተር ያላቸው መኪኖች ቤንዚን መርጨት ስለሚያቆሙ የገባው አየር ሲሊንደሩን ያደርቀዋል። ለመነሳት ሲታገል ጋዙን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል) ያላቸው የቆዩ ኮሮላዎች ላይ ደግሞ በክረምት ዋናው ጠላት እርጥበት ነው፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ፀጉር የመሰለ የጠቆረ ስንጥቅ ካለ ክዳኑን ቀይሩ።

ነዳጅ ካልመጣ የጌጁን መርፌ ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ ተንሳፋፊው ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ሲያዞር ሌላው የታንከሩ አፍ ላይ ጆሮውን ያስጠጋ፤ ፓምፑ ዝዝዝ ማለት አለበት። ቁልፉ ኦን ሲሆን ብቻ ስላልጮኸ ፓምፑ ሞቷል አትበሉ፤ ብዙ ቶዮታዎች ፓምፑን የሚያስነሡት ሞተሩ ሲዞር ነው። ዝም ካለ የኢ.ኤፍ.አይ (የነዳጅ መርጫው) ፊውዙንና ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ተመልከቱ። ሪሌውን በላዩ ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት ከሆነ ከጡሩምባው ሪሌ ጋር ማለዋወጥ ይቻላል። የተቃጠለ ፊውዝን በዚያው አምፒር ተኩ፤ ሽቦ ጠምዝዞ መክተት መኪና ያቃጥላል። ነዳጁ ከጄሪካን የተገዛ ከሆነና ችግሩ ከዚያ ወዲህ ከጀመረ ትንሽ በግልጽ ጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡ፤ ውሃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይታያል።

ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪና ብዙ ጊዜ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን መዞር የሚያነብ መሣሪያ) ችግር ነው። የአርፒኤም መርፌው ሞተሩ ሲዞር ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ጥርጣሬው ይጠናከራል፤ በኮድ ማንበቢያ ላይ ፒ0335 ይወጣል።

የሚዞርበት ድምፅ ከወትሮው ቀሎና ፈጥኖ፣ ያለ ምት ዊዊዊ ካለ ወዲያውኑ አቁሙ፤ የታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናል። በቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ እና 5ኤ-ኤፍኢ ሞተሮች ፒስተኑ ቫልቩን አይነካም፤ በሌሎች ብዙ ሞተሮች ግን ቫልቭ ያጎብጣል። እንዲሁም መኪናው ጎርፍ ውስጥ ጠፍቶ ከሆነ ጭራሽ አታዙሩት። ውሃ አይታመቅም፤ ቢዬላ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ያጣምማል። ካንዴላዎቹ መጀመሪያ ይፈቱ፣ ውሃው ይውጣ።

በናፍጣ መኪና ላይ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ። ናፍጣ አልቆ ከቆመ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ የፊልትሮውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግማችሁ ተጫኑ፣ አየሩ ይውጣ። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ውስጥ ቤንዚን ወይም የማስነሻ ስፕሬይ አትርጩ፤ በጋለው ጫፍ ላይ ይፈነዳል።

ማታ ደህና፣ ጠዋት ሙት

ባትሪው አዲስ፣ ዲናሞው ደህና ሆኖ በየሁለት ቀኑ ከሞተ አንድ ነገር ሌሊቱን እየበላው ነው። ሁሉን አጥፉ፣ የበሩን ስዊች ተጭኖ እንዲቆይ እሰሩት፣ የኔጌቲቩን ማሰሪያ ፈትታችሁ ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ በባትሪውና በማሰሪያው መካከል አስገቡ። ቀዩን የቴስተር ገመድ ወደ 10 አምፒር ቀዳዳ ማዛወር አትርሱ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከ0.05 አምፒር በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ መንገዱን ያሳያችኋል። በኋላ የተገጠመ አላርም፣ ሬዲዮና ጂፒኤስ ከሁሉ በፊት ይፈተሹ። ቴስተሩ እንደተገጠመ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ፊውዙ ይበጠሳል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎችም ይህን ያንብቡ። ትልቁ ባትሪ 80 በመቶ ሞልቶ እንኳ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተች መኪናው «ሬዲ» (ለመንዳት ዝግጁ) አይልም፣ በሩም በሪሞት ላይከፈት ይችላል። ትንሿ ባትሪ የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ከሆነች ፍተሻው ያው 12.6 ነው። ከፍተኛ ቮልት ያላቸውን ብርቱካናማ ገመዶች ግን አትንኩ።