ለስኳር ሕመም የተጋለጠን ልጅ ሳያሸማቅቁ መርዳት

የአንድ ታዳጊ የደም ስኳር ጠዋት በባዶ ሆድ ተለክቶ ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን ስኳር በሽታ ይዞታል አይባልም፤ ዓይነት 2 ለተባለው የስኳር ሕመም ግን ተጋልጧል ማለት ነው። ይህን ውጤት ይዘው ከሐኪም ቤት የሚመለሱ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከልጁ ሰሃን ነው፤ እኔ ግን ከአንደበታቸው ቢጀምሩ እመርጣለሁ።

በእኛ ቤት «ወፈርክ» ማለት ለአያት ምርቃት፣ ለእናት ሥጋት፣ ለ15 ዓመት ልጅ ደግሞ ስድብ ነው። ያው ልጅ እንግዳ ፊት «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እየተባለ ሲጎርስ ውሎ ማታ ስለ ክብደቱ ይመከራል። ስለዚህ አስቀድሞ ቤተሰቡ በሙሉ ይስማማ፦ ስለ ሰውነቱ ማንም አስተያየት አይስጥ፤ «በቃኝ» ካለም ጉርሻው ይቁም።

አንገት ዙሪያ ወይም ብብት ሥር ጠቆር፣ ወፈር ብሎ የሚታይ ቆዳ ብዙ ጊዜ ሰውነት የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን በአግባቡ መጠቀም እንዳቃተው የሚያሳይ ምልክት እንጂ እድፍ አይደለም፤ በሎሚም ሆነ በሳሙና ቢፈተግ አይለቅም። «አንገትሽን ታጠቢ እንጂ» የተባለች ልጅ በሙቀት ቀን እንኳ ሻርፗን አታወልቅም። እንዲህ ብለዋት ከነበረ ምክንያቱን አስረድተው ይቅርታ ይጠይቋት።

ለውጡን ከአንድ ነገር ይጀምሩ፤ ምርጫውም የልጁ ይሁን። «ለስላሳ እንዳትጠጣ» ከማለት «በዚህ ሳምንት የትኛውን ብንቀይር ይቀልሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ሳያቋርጡ መስማት ይሻላል። በ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር አለ፤ ባዶ ብርጭቆ ላይ አብራችሁ እየቆጠራችሁ ብትጨምሩት ከምክር ይልቅ ይገባዋል። አባት በሻዩ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ከሆነ ግን ልጁ ያንንም ይቆጥራል፤ ለስላሳው ከልጁ እጅ ብቻ ሳይሆን ከቤቱ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው።

በቀን 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ ኳስም፣ እስክስታም፣ ታክሲ ትቶ በእግር መሄድም ሊሆን ይችላል፤ ቅጣት ግን አይሁን። በቀን ለ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል መተኛትም ያስፈልገዋል። ከጓደኞቹ ጋር ኬክ በልቶ ቢመጣ በጥያቄ አያፋጥጡት፤ በጥያቄ የተፋጠጠ ልጅ ተደብቆ መብላት ይለምዳል።

ጾምን ሰበብ አድርጎ ምግብ ከተወ፣ በልቶ የሚያስመልስ ከሆነ ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ከከፋውና ከሰው ከሸሸ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። ውኃ ጥሙ ከበዛ፣ ሌሊት ለሽንት ከተመላለሰና ሳያስበው ከከሳ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።