መብራት ላይ በራሱ ከሚጠፋ ሞተር ጋር እንዴት ይኖራል?

መኪናዋን ከገዛሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። መገናኛ አደባባይ ለመግባት ተሰልፌ ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ጭጭ አለ። በድንጋጤ ማርሹን ፒ ላይ ከትቼ ቁልፍ ማዞር ጀመርኩ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀው። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። መኪናዋ ግን ምንም አልሆነችም ነበር። እግሬን ከፍሬኑ ባነሳ ኖሮ በራሷ ትነሳ ነበር።

ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋና የሚያስነሳውን ይህን ሲስተም ጃፓኖቹ አይድሊንግ ስቶፕ፣ አውሮፓውያኑ ስታርት ስቶፕ ይሉታል። አውቶማቲክ ከሆነ ቆማችሁ ፍሬን ስትይዙ ሞተሩን ያጠፋዋል፤ ስትለቁ ያስነሳዋል። ማንዋል ከሆነ ዜሮ ማርሽ አድርጋችሁ ፍሪሲዮን ስትለቁ ይጠፋል፤ ስትረግጡ ይነሳል። ሀሳቡ የቆየ ነው። ቶዮታ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ሞክሮታል። የተስፋፋው ግን አውሮፓ በመኪና ጭስ ላይ ጠበቅ ያለ ገደብ ካወጣች በኋላ ነው። የድሮው የአውሮፓ የላቦራቶሪ ፈተና 1,180 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ መኪናው የዚያን ሩብ ያህል ቆሞ ነበር የሚያሳልፈው። በዚያ ሰዓት ሞተሩ ከጠፋ የፈተናው ውጤት ያምራል።

እኛንስ ይጠቅመናል? ትንሽ። አነስተኛ ቤንዚን ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 0.6 ሊትር ገደማ ይበላል እንበል። በቀን በድምሩ ግማሽ ሰዓት ቢጠፋ፣ በ26 የሥራ ቀን ወደ 8 ሊትር ይጠጋል። ይህ ሁሉም ነገር ሲሰምር ነው። እኔ ግማሹን ካገኘሁ ይበቃኛል።

አንደኛ፣ ምልክቷን እወቋት። ዳሽቦርዱ ላይ በክብ ቀስት የተከበበች የላቲን “ኤ” ፊደል ትታያለች። ስትበራ ሞተሩ የጠፋው ታስቦበት ነው። ተሰርዛ ወይም “ኦፍ” ተብሎባት ከታየች ደግሞ ሲስተሙ ለጊዜው አልፈለገም ወይም ተዘግቷል ማለት ነው። ሞተሩ ካልሞቀ፣ ኤሲው ብዙ ከሠራ፣ ቀበቶ ካላሰራችሁ፣ መሪው ከዞረ ወይም ዳገቱ ከበዛ አያጠፋም። ይህ ብልሽት አይደለም። ረጅም መንገድ ነድታችሁም ለሳምንታት እምቢ ካለ ግን ነገሩን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፣ እግራችሁን አሠልጥኑ። ብዙ ሰው ሲስተሙን የሚጠላው አንድ ሜትር እየሄደ አንድ ሜትር በሚቆም ሰልፍ ውስጥ ነው። ጠፋ፣ ተነሳ፣ ጠፋ፣ ተነሳ። በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች መፍትሔው ቀላል ነው። ፍሬኑን መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ያህል ብቻ በስሱ ከያዛችሁት ሞተሩ አይጠፋም። ጠበቅ አድርጋችሁ ስትረግጡት ይጠፋል። ስለዚህ ሰልፉ አሁኑኑ ሊንቀሳቀስ ነው ካላችሁ በስሱ፤ ትራፊክ ፖሊሱ ጀርባውን ከሰጣችሁ ደግሞ ጠበቅ። ከ10 ሰከንድ በላይ የምትቆሙ ከሆነ ማጥፋቱ ያዋጣል፤ ለማስነሳት የሚወጣው ነዳጅ ከዚያ ያንሳል። መኪናችሁ ለዚህ ዘዴ እሺ ማለቷን ባዶ ሜዳ ላይ ሞክሩ። የኔን ለመልመድ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ባለቤቴ በሁለት ቀን ለመደችው፤ እስካሁን ትነግረኛለች።

ሦስተኛና አራተኛን አንድ ላይ ልበል። ማጥፊያው ቁልፍ አለ፣ ተጠቀሙበት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገት ስትወጡ፣ ክረምት ላይ ውኃ የተኛበት መንገድ ስትገቡ፣ በጠባብ ቦታ ፓርክ ስታደርጉ ዝጉት። ብዙ መኪና ላይ ሞተር አጥፍታችሁ ስታስነሱ ተመልሶ ይበራል፤ እንደገና መጫን ነው። “ለዘላለም ላጥፋልህ” የሚል ኤሌትሪሺያን ሲመጣ ግን አመስግናችሁ ሸኙት። አንዱ ኮፈኑ መከፈቱን የሚለየውን ሽቦ ይነቅላል፤ ሌላው የባትሪውን ሴንሰር። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ የማትጠፋ መብራት ትቀራለች፤ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣም አትለዩትም።

ሞተሩ ዝም ስላለ መኪናው ጠፍቷል ብላችሁ አትውረዱ። ኮፈን የምትከፍቱ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ቁልፉንም ኪሳችሁ ክተቱ። የሞተሩ ቀበቶ ጋ እጅ ገብቶ ሞተር ሲነሳ ማየት አትፈልጉም።

አምስተኛ፣ ባትሪው። አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። የዚህ ሲስተም ጣጣ ሁሉ እዚህ ነው ያለው።

ተራ ባትሪ የሚሠራው ጠዋት አንዴ አስነስቶ ቀኑን ሙሉ እየተሞላ እንዲውል ነው። በዚህ መኪና ግን በአንድ ጉዞ 20 እና 30 ጊዜ ሊያስነሳ ይችላል። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ራዲዮውን፣ መብራቱን፣ የኤሲውን ፋን ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ ፋብሪካው የሚያስገባለት ሌላ ዓይነት ነው፤ ኢኤፍቢ (የተጠናከረ ተራ ባትሪ) ወይም ከሱ የሚበረታው ኤጂኤም የሚባለው። ሞተሪኖውም (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እንደዚሁ ለብዙ ማስነሳት የተጠናከረ ነው፤ “ሞተሪኖ ይበላል” የሚለው ስጋት ብዙም አያሳስበኝ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ባትሪዬ ሲደክም አንድ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ልኩን አየ፣ “ወንድሜ፣ ባትሪ ባትሪ ነው” አለኝ፣ በግማሽ ዋጋ ተራውን ገጠመልኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሁለት ወር ምንም አልነበረም። በሦስተኛው ወር ሞተሩ መብራት ላይ መጥፋቱን አቆመ። እኔ ሞኙ ተገላገልኩ አልኩ! ለካ ሲስተሙ ባትሪው እንደደከመ አይቶ እየቆጠበው ነበር። በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ከቤት ልወጣ ስል ጣ ጣ ጣ ብላ ዝም አለች። ሁለተኛ ባትሪ ገዛሁ። የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ ከትክክለኛው በለጠ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከመኪናው ጋር የመጣው ባትሪ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሱ። ለጃፓን መኪኖች የተሠሩት የአይድሊንግ ስቶፕ ባትሪዎች ኤም-42፣ ኤን-55፣ ኪው-85 የሚል ዓይነት መለያ አላቸው። የአውሮፓዎቹ ላይ ኢኤፍቢ ወይም ኤጂኤም ተብሎ በግልጽ ይጻፋል። ኢኤፍቢ የነበረው ላይ ኤጂኤም መግጠም ብዙ ጊዜ ይቻላል። ኤጂኤም የነበረው ላይ ግን ወደ ኢኤፍቢ አትውረዱ። ፖዘቲቩ በየት ጎን እንደሆነም አረጋግጡ፤ በተቃራኒ ከሆነ ኬብሉ አይደርስም። ብዙ የጀርመን መኪኖች ደግሞ አዲስ ባትሪ መግባቱ በኮምፒውተር ካልተመዘገበላቸው አሮጌው ያለ መስሏቸው ይሞላሉ። ጋራዡን ይህን ትችላላችሁ ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያለችውን መኪና በደንብ መያዝ ግድ ሆኗል።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ግዙ። ተራው ይበቃል፤ ውድ አያስፈልግም። መኪናው ካደረ በኋላ ጠዋት፣ ከማስነሳታችሁ በፊት ለኩ። 12.6 ቮልት እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። 12.4 አካባቢ ከሆነ ተከታተሉት። ከ12.2 በታች ከሆነ በቻርጀር ሙሉት፤ መገናኛና ቦሌ መሐል በሚደረግ አጭር ምልልስ አይሞላም።

ስድስተኛ፣ ኔጋቲቩን ተጠንቀቁ። ብዙ መኪና ላይ የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ ትንሽ ሴንሰር አለች። ባትሪው ውስጥ የሚገባውንና የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ትቆጥራለች። በኬብል ከሌላ መኪና ስታስነሱ ቀዩን ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ግን ኔጋቲቩ ራስ ላይ ሳይሆን ቀለም የሌለው የቦዲ ወይም የሞተር ብረት ላይ እሰሩ። ካሜራ ወይም የድምፅ ማጉያ የሚገጥም ሰው ጥቁር ሽቦውን በቀጥታ ኔጋቲቩ ላይ ካሰረ ሴንሰሯ ያንን ፍጆታ አታየውም። ባትሪው ባዶ እየሆነ ሲስተሙ ሙሉ ነው ይላል፤ መብራት ላይ አጥፍቶ ማስነሳት ያቅተዋል። እኔም ካሜራዬን ያስገጠምኩ ቀን ይህን አላውቅም ነበር። በኋላ ሽቦውን ነቅዬ ኮፈኑ ሥር ካለ ብሎን ጋር አሰርኩት። የፈጀብኝ አሥር ደቂቃና አንድ ባለ አሥር ቁልፍ ነው።