«አዲስ የጥድ ትኋን አገኘሁ» ከማለት በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአንድን አዲስ ዝርያ መግለጫ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ምናልባት ከሃያ፣ ምናልባትም ከሰማንያ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ አራት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ትኋን (የአልጋዋን ሳይሆን በዛፍ ላይ የምትኖረውን) ማይክሮስኮፕ ሥር ያስቀምጥና «ይህቺ ያቺው ናት ወይስ ሌላ?» ብሎ ይጨነቃል። መግለጫው የሚጻፈው ለዚያ ሰው ነው። እርሱን የሚያሳስቱት ስህተቶች ደግሞ አብዛኞቹ የሚሠሩት ማይክሮስኮፑ ዘንድ ከመደረሱ በፊት፣ ገና ቅርንጫፉ ሥር ነው። ከታች ያሉትን ግማሾቹን በሌሎች ሥራ ላይ ያየኋቸው ሲሆን፣ ግማሾቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

አስተኔዋን ሳያጣሩ መጀመር

የዕፅዋት ትኋኖች የሚባሉት ሚሪዴ የተባለው አስተኔ (የተዛመዱ ወገኖች ስብስብ፣ ፋሚሊ) አባላት ናቸው፤ እስካሁን ከ11,000 በላይ ዝርያዎቻቸው ተገልጸዋል። ጀማሪ የሚለያቸው በአንድ ምልክት ነው፦ ከፊት ክንፋቸው ጫፍ አጠገብ በስንጥቅ ተለይታ በምትታይ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ። ምልክቷ ግን ብቻዋን አትበቃም። በጥድ መሰል ዛፎች ላይ ቅማል መሰል ተባዮችን እያደኑ የሚኖሩት የሌላ አስተኔ ትኋኖች፣ አንቶኮሪዴዎችም ይህችው ቁራጭ አለቻቸው። ስለዚህ ከጭንቅላቷ አናት ላይ ሁለቱን ጥቃቅን ነጠላ ዓይኖች ይፈልጉ። አንቶኮሪዴዎች አሏቸው፤ ከአንዲት ንዑስ አስተኔ በቀር ሚሪዴዎች የሏቸውም። የመምጠጫ አፉም መገጣጠሚያ በሚሪዴ አራት፣ በአንቶኮሪዴ ሦስት ሆኖ ይታያል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

«ከጥድ ላይ ተያዘ» ብሎ ማለፍ

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በኋላ የሚታረምበት መንገድ የለም። በአማርኛ «ጥድ» የምንለው ጁኒፐሩስንም (የሐበሻ ጥድ) ኩፕሬሱስንም (የፈረንጅ ጥድ) ነው፤ አንዳንዱ ሰው ፒኑስንም (ፓይን) በዚሁ ስም ይጠራዋል። ለትኋኗ ግን ልዩነቱ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ዲክሮኦስኪተስ የተባለውን የትኋን ወገን (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ፣ ጂነስ) ብንወስድ፣ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ የሚኖሩት በጁኒፐሩስና በዘመዶቹ ላይ ሲሆን በፒኑስ ላይ የሚኖሩት ጥቂት ናቸው። «ጥድ» የሚል መለያ ወረቀት ይህን ሁሉ ያጠፋዋል።

ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ሠራሽ ደን ውስጥ ገብቼ ቅርንጫፍ በዱላ መታ መታ እያደረግሁ፣ ከሥር በዘረጋሁት ነጭ ጨርቅ ላይ አረንጓዴ ትኋኖች ሰበሰብሁ። ደስ ብሎኝ ስለነበር ወረቀቱ ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና «ጥድ» የሚለውን ቃል ብቻ ጻፍሁ። ዝርያዋ ከማውቃቸው ሁሉ የተለየች መሆኗ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ዛፉን ለመለየት ተመልሼ ስሄድ የጠበቀኝ ጉቶ ነበር። አሁን ትኋን ከማንሳቴ በፊት ኮን (የዛፉን ዘር ወይም ብናኝ የሚይዝ አካል) ያለበትን ቀንበጥ ቆርጬ በጋዜጣ መካከል አደርቃለሁ፤ የትኋኖቹን ቁጥር እሰጠውና ዕፅዋት ለሚያውቅ ሰው አሳየዋለሁ።

ዛፉ ከታወቀም በኋላ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ጨርቁ ላይ የወደቀ ሁሉ የዚያ ዛፍ ነዋሪ አይደለም። ነፋስ የጣለው አለ፣ ከአጠገቡ ካለ ቁጥቋጦ በርሮ ያረፈም አለ። ክንፍ ያላወጡ ኒምፎች፣ ማለትም ገና ያልጎለመሱ ትኋኖች፣ ግን ከሩቅ በርረው አይመጡም። ሚሪዴዎች አምስት የኒምፍ ደረጃ አላቸው፤ ትልልቆቹን ከነቀንበጣቸው በዕቃ ይዞ ጥቂት ቀን ቢጠብቋቸው ክንፍ አውጥተው ማንነታቸውን ይናገራሉ። ኒምፍ ያልተገኘ እንደሆነ «የሚኖረው በዚህ ዛፍ ላይ ነው» ሳይሆን «የተያዘው ከዚህ ዛፍ ላይ ነው» ተብሎ ይጻፍ። በመብራት ወጥመድ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ስለ ዛፉ ጨርሶ ዝም ይባል። እንዲሁም ዛፉ ላይ መኖርና ዛፉን መመገብ አንድ አይደሉም፤ ከፊቶኮሪስ ወገን ብዙዎቹ በቅርንጫፍ ላይ እየተዘዋወሩ ሌሎች ነፍሳትን የሚያድኑ ናቸው።

አንድ ቀን ሄዶ «የለም» ማለት

በፒኑስ ላይ ከሚኖሩት ትንንሾቹ ትኋኖች አንዳንዶቹ ሕይወታቸው ብናኝ ከሚሰጠው ከወንዴው ኮን ጋር የተሳሰረ ነው። ኮኑ ብናኙን ሲያራግፍ ይበዛሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በዚያው ዛፍ ላይ አንድም አይገኝም። ወንዶቹ ደግሞ ቀድመው ያልቃሉ። ዘግይቶ የሄደ ሰው ሴቶችን ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ወንድ አለመኖሩ ምን ያህል እንደሚጎዳ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ገና ያልጠነከረችውን ትኋን ማንሳት

የመጨረሻ ቆዳዋን አሁን የጣለች ትኋን ፈዛዛና ለስላሳ ናት፤ ቀለሟ የሚጎላው ቀስ በቀስ ነው። «አዲሱ ዝርያ ነጣ በማለቱ ከዘመዱ ይለያል» የሚል መግለጫ ሳነብ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። አረንጓዴዎቹ ደግሞ ሲደርቁ ወደ ቢጫ ይለወጣሉ፤ አልኮል ውስጥ የከረሙትም ይገረጣሉ። በሕይወት ሳለች ፎቶ ያንሷት፤ ካልሆነም ቀለሟን እዚያው በማስታወሻ ያስፍሩ።

ጸጉሯም እንደ ቀለሟ በቀላሉ ይጠፋል። ፒሎፎሩስ የተባለው ወገን ክንፉ ላይ እንደ ብር የሚያብረቀርቁ ቅርፊት መሰል ጸጉሮች በመስመር የተደረደሩ ናቸው፤ አትራክቶቶመስም ይህን መሰል ጸጉር አለው። በወረንጦ ጀርባዋን አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይህን ሁሉ ይጠርገዋል። ከዚያም «ጸጉሩ ተራ ነው» ተብሎ ይጻፋል! የጻፈው ሰው አልዋሸም፤ ያየው እውነት ያንኑ ነው። እኔ የምይዛት በእግሯ ነው፤ ቢሰበርም ሌሎች አምስት አሉ።

ለቦታው አዲስ የሆነውን ለሳይንስ አዲስ ማድረግ

ፒኑስና ዘመዶቹ ከተፈጠሩበት ርቀው በዓለም ዙሪያ የተተከሉ ናቸው፤ ነፍሳቶቻቸውም አብረዋቸው ይጓዛሉ። ከሌላ አስተኔ ቢሆንም የሌፕቶግሎሰስ ኦክሲደንታሊስን ታሪክ ማስታወስ በቂ ነው። ይህ የኮን ፍሬ መጣጭ ትኋን የምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በጣሊያን ታየና ብዙ ሳይቆይ አውሮፓን አዳረሰ። ትልቅና ጎላ ያለ ስለሆነ ማንነቱ ቶሎ ታወቀ። ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነ ቡናማ ሚሪዴ እንዲህ ቢሰደድ ግን የሚያውቀው ማን ነው? ስለዚህ የአካባቢው ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ ብዙ አይናገርም፤ መጠየቅ ያለበት የዛፉ የትውልድ አገር ነው። የዓለም ሚሪዴዎች ካታሎግ ከነአስተናጋጅ ዕፅዋታቸው ሹህ በተባለ ተመራማሪ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል፤ በኋላም በኢንተርኔት ወጥቷል። ከዚያ ላይ በዛፉ ስም መፈለግ ይቻላል። ካታሎግ ግን መንገድ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። የሚፈርደው ስሙ የተሰጠበት የመጀመሪያው ናሙና ስለሆነ፣ ካለበት ሙዚየም ፎቶውን መጠየቅ ግድ ነው።

በውጭ መልክ ብቻ መወሰን

በሚሪዴዎች የወንዱ የመራቢያ አካል ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። በግራ በኩል ያለው መያዣ ብዙ ጊዜ ትልቅ ነው፤ የቀኙ አነስ ይላል። በመካከል ያለው ክፍል በፊሊኔ ንዑስ አስተኔ ጠንካራ ሆኖ እንደ መንጠቆ ወይም እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው። በውጭ መልካቸው መንታ የሚመስሉ ዝርያዎች ብዙ ጊዜ የሚለዩት በዚህ ጫፍ ቅርጽ ነው። ሆሎታይፑ፣ ማለትም ስሙ ለዘለዓለም የሚታሰርበት ናሙና፣ በተለምዶ ወንድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሆዱ ጫፍ ተለይቶ በሞቀ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሁድ ይለሰልሳል፤ ሥጋው ሲሟሟ ጠንካራው ክፍል ይቀራል፤ ከዚያ በውኃ ታጥቦ ግሊሰሪን ውስጥ ይታያል። እሳት ላይ ጥዶ ስልክ ለማንሳት የሄደ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው መስመሩ የማይለይ ብርሃን አስተላላፊ ነገር ነው፤ እኔ በዚህ መንገድ ካሉኝ ሁለት ወንዶች አንዱን አጥቻለሁ። ከሥዕሉ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። መንጠቆው ጥቂት ሲዞር ሌላ ቅርጽ ይይዛል፤ ስለዚህ ከዘመዱ ጋር የሚነጻጸረው በአንድ ዓይነት አቅጣጫ ከተሣለ ብቻ ነው። ሚሪኔ በተባለው ሌላ ንዑስ አስተኔ ላይ ይባስ ብሎ ስስ ከረጢቶች ስላሉ፣ የተነፋውን ካልተነፋው ጋር አስተያይቶ «ልዩነት አገኘሁ» ማለት የዋህነት ነው።

የዘረ መል ንባብ ጥሩ አጋዥ ነው፤ ወንዱን ከሴቷና ከኒምፏ ጋር ለማዛመድ አቻ የለውም። ብቻውን ግን ዝርያ አያቆምም፤ የድሮዎቹ ናሙናዎች አብዛኞቹ የተነበበ ዘረ መል ስለሌላቸው የሚነጻጸርበት የለም።

የወንድና የሴት ልኬት መቀላቀል

የሴቷ ግንባር በዓይኖቿ መካከል ብዙ ጊዜ ሰፋ ይላል፤ አንቴናዋም ያጥራል። ስለዚህ ልኬቱ ለየብቻ ይጻፍ፤ ስንት ናሙና እንደተለካ፣ ትንሹና ትልቁም ይታይ። ከሙሉ ርዝመት ይልቅ የአንቴናው ሁለተኛ ክፍል ርዝመት ከጭንቅላት ስፋት ጋር ያለው ንጽጽር የበለጠ ይጠቅማል፤ ሆድ ሲደርቅ ይኮማተራልና።

ስሙን በችኮላ ማውጣት

በፒኑስ ላይ ስለተገኘ «ፊቶኮሪስ ፒኒ» ልበለው ያለ ሰው ዘግይቷል፤ ኪርሽባውም የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1856 ወስዶታል። ፊቶኮሪስ በሚሪዴ ውስጥ ከሁሉ ሰፊው ወገን በመሆኑ የቀረ ቀላል ስም አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የላቲን ቅጽል ከሆነ የወገኑን ጾታ መከተል አለበት፤ ፊቶኮሪስ ወንዴ ስለሆነ ዲሚዲያተስ ይባላል እንጂ ዲሚዲያታ አይባልም። ከዛፍ ስም መሰየምንም አልወደውም፤ ትኋኗ ነገ በሌላ ዛፍ ላይ ብትገኝ ስሟ አይለወጥም።

ሕጉን ሳያነቡ ማሳተም

የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ ጨካኝ ነው፤ ድካምን አይቆጥርም። አራተኛው እትሙ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ጀምሮ ይሠራል። ልዩነቱ በቃላት መጻፍ አለበት፤ የቱንም ያህል ያማረ ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ዝርያው አዲስ መሆኑ በግልጽ ይነገር፣ ሆሎታይፑ ይሰየም፣ የሚቀመጥበት ክምችትና ከተማው ይጠቀስ። ጽሑፉ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ከመታተሙ አስቀድሞ ዙባንክ በተባለው መዝገብ ይመዝገብ፤ የመመዝገቡም ማስረጃ በጽሑፉ ውስጥ ይታይ። ይህ የጎደለው ስም በሕግ ፊት አልተሰጠም።

ናሙናዎቹን ሁሉ አንድ ቦታ ማከማቸትን ደንቡ አይከለክልም፤ እኔ ግን ከስህተቶቹ እቆጥረዋለሁ። ብራዚላዊው ካርቫልዮ ከ1957 እስከ 1960 የወጣውን የዓለም ሚሪዴዎች ካታሎግ ያዘጋጀው በሪዮ ዴ ጄኔሮው ብሔራዊ ሙዚየም ነበር። ሙዚየሙ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2018 በእሳት ጋየ፤ የነፍሳት ክምችቱም አብዛኛው አብሮ ጠፋ። የሆሎታይፑ መሳቢያ አመድ ሲሆን ተመራማሪ የሚጽፈው ደብዳቤ አስቀድሞ ፓራታይፕ (በመግለጫው ከሆሎታይፑ ጋር የተጠቀሰ ተጨማሪ ናሙና) ወደተላከለት ወደ ሌላ ከተማ ነው።