ጥንታዊ ቤት ለሙዚየም ስትጠግኑ ከበር ጀርባ ጀምሩ

ሙዚየም ሊሆን የታሰበ ጥንታዊ ቤት ጠግኑ ተብላችሁ ስትጠሩ መዶሻና መሮውን ለጊዜው አስቀምጡ። መጀመሪያ የሚያስፈልጓችሁ ስለታም ምላጭ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና አጉሊ መነጽር ናቸው። እኔ ሁልጊዜ ከበር ጀርባ እጀምራለሁ፤ እጅም ፀሐይም ብዙ ስለማይደርስበት የቀድሞው ቀለም እዚያ ተጠብቆ ይገኛል። ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ቀለሙን ንብርብር በንብርብር እየፋቃችሁ እስከ ልስኑ ውረዱ፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና በመነጽሩ ተመልከቱ። አንድ ጊዜ ከነጩ ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር አገኘሁ። የመብራት ጥላሸት ነበረች። ክፍሉ ቀለም ሳይነካው ለረጅም ጊዜ ሰው እንደኖረበት የነገረችኝ እሷ ናት። ግድግዳውን በሙሉ ፍቀነው ቢሆን ኖሮ ከአቧራው ጋር ትጠረግ ነበር።

ቀጥሎ ልስኑን በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት። የባዶ ነገር ድምፅ ከሰጠ ከግድግዳው ተላቋል ማለት እንጂ ይፍረስ ማለት አይደለም። ትንሽ ቀዳዳ አበጁለት፣ በመርፌ ውኃ አጠጡት፣ ከዚያም ቀጭን የኖራ ውሕድ አስገቡበትና እስኪይዝ ድረስ ደግፉት።

የወደቀው ቦታ በኖራ ይለሰናል፤ በስሚንቶ ግን በፍጹም! በኖራ ወይም በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያስወጣል። ስሚንቶ ሲለጠፍበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ጨውም ከበስተኋላ እየረጋ ድንጋዩን ያፈረፍረዋል። ውኃ ውስጥ ቢያንስ 3 ወር የቆየ 1 እጅ የኖራ ሊጥ ከ3 እጅ የታጠበ ሻካራ አሸዋ ጋር አዋሕዱ። ግድግዳውን አርጥባችሁ በአንድ ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር ሳታሳልፉ ለስኑ፤ በእርጥብ ጆንያም ጋርዱት። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ካጣደፉት ይሰነጠቃል። ዓይንና ቆዳም ስለሚያቃጥል ያለ መከላከያ መነጽርና ጓንት አትንኩት።

በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም ስለ ቅርሶች ጥበቃና ጥገና የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ ግምት በሚጀምርበት ቦታ ጥገናው እንዲቆም ያዛል። ከሁሉ የሚከብደኝም የማከብረውም ትእዛዝ ይኸው ነው። ግማሹ የጠፋ የጣሪያ ጌጥ ባጋጠመኝ ጊዜ ፎቶግራፍም ሥዕልም አላገኘሁለትም። የተረፈውን አጽድቼ፣ የጎደለውን ያለ ጌጥ ለስኜ ተውኩት፤ የአሮጌውና የአዲሱ ድንበር ከታች ቆሞ ለሚመለከት ሁሉ ይታያል።