ሰቃ ጨቆርሳ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ሲወጣ

ችግር፦ አንድ ወረዳ ሁለትና ሦስት ግሩፕ ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ጅማ የቡና ርክክብ መዝገብ የያዘ የኤክስኤምኤል ፋይልን በኤክስኤስኤልቲ (ኤክስኤምኤልን ወደ ሪፖርት በሚቀይር ቋንቋ) በወረዳ ለመሰብሰብ የሚሞክሩ ልጆች ይዘውብኝ የሚመጡት ባብዛኛው ይህንን ነው። ስህተት የሚል መልእክት የለም። ሪፖርቱ ብቻ ተበላሽቷል።

ምክንያቱ ቁልፉ ነው፣ ማለትም መዝገቦቹ የሚሰበሰቡበት የወረዳ ስም። አንዱ «ሰቃ ጨቆርሳ» ጫፉ ላይ ስፔስ አለው፣ ሌላው መሃሉ ላይ ሁለት ስፔስ፣ ሦስተኛው በሠ ተጽፏል። ለእኛ አንድ ወረዳ ናቸው፣ ለፕሮሰሰሩ (ኮዱን ለሚያስኬደው ፕሮግራም) ሦስት። መዝጋቢው እንደመጣለት ይመታዋል፣ መከራው ለእኛ ይተርፋል!

ኖርማላይዝ-ስፔስ የሚባለው ፈንክሽን የጫፉን ስፔስ ያጠፋል፣ የመሃሉን ወደ አንድ ይሰበስባል። ከዎርድ የተቀዳውን የማይሰበር ስፔስና ሁለት ነጥብን (፡) ግን አይነካም። ስለዚህ መጀመሪያ በትራንስሌት (ፊደልን በፊደል በሚተካው ፈንክሽን) ሁለቱን ወደ ተራ ስፔስ ቀይሩ፣ ኖርማላይዝ-ስፔስን ከውጭ አልብሱት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አይሠራም።

ከዚያ ፊደሉ። ከሠ እስከ ሦ ያሉትን ሰባቱንም ወደ ሰ ቤት ቀይሩ። እንዲሁም ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቤት። እዚህ ላይ ቆጥራችሁ ጻፉ! የተተኪዎቹ ፊደላት ዝርዝር በአንድ ፊደል ካጠረ ትራንስሌት ትርፉን ፊደል ዝም ብሎ ይሰርዘዋል። ደግሞ ቁልፉን ብቻ ነው የምትቀይሩት፣ የሰው ስም ያለበትን ዋናውን ጽሑፍ እንዳትነኩ።

አንዱ ልጅ ጅማና ጂማ ሁለት ከተማ ሆነው ወጡበትና በሶርት (በመደርደሪያው ትእዛዝ) ሊያስታርቃቸው ሲታገል ደረስኩበት። ሶርት ቅደም ተከተል ይቀይራል እንጂ አያዋህድም። ጂን በጅምላ ወደ ጅ መቀየርም አያዋጣም፣ ድምፃቸው የተለያየ ስለሆነ ሌላ ስም ይበላሻል። ለእንዲህ ያለው የተሳሳተውንና ትክክለኛውን ስም የያዘ ትንሽ ሰንጠረዥ አዘጋጁ።

በኤክስኤስኤልቲ 1.0 በሙንሽ ዘዴ (ቁልፍ አውጆ በእሱ በመሰብሰብ) የምትሠሩ ከሆነ ማስተካከያው ቁልፉ የሚታወጅበትም የሚጠራበትም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፍ አለበት። አንዱን ረስቶ «አልሠራም» የሚለኝ ሰው አያልቅም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ከተከፈለ፣ ግሩፕ-አጃሰንት ጽፋችሁ እንደሆነ እዩ። እሱ ጎን ለጎን ያሉትን ብቻ ነው የሚሰበስበው። የፈለጋችሁት የትም ያሉትን የሚሰበስበው ግሩፕ-ባይ ነው።

ችግር፦ አንዳንድ መዝገብ ጠፋ። ወረዳ የሚለው ኤለመንት ጨርሶ ከሌለ ግሩፕ-ባይ መዝገቡን ሳይናገር ይጥለዋል። «ያልታወቀ» የሚል ተለዋጭ ቁልፍ ስጡት። ድምር ከማስረከባችሁ በፊት የገባውንና የወጣውን መዝገብ ቁጥር አስተያዩ። ኪሎ ጎድሎ ከገበሬ ጋር የሚጣላው ኮዱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

ችግር፦ አንድም ግሩፕ አይወጣም። ኔምስፔሱ (የኤለመንቶቹ ስም የሚመደብበት ክልል) በፋይሉና በኮዳችሁ ስላልተመሳሰለ ነው።

ችግር፦ ፕሮሰሰሩ ፎር-ኢች-ግሩፕን (የመሰብሰቢያውን ትእዛዝ) አላውቅም ይላል። ትእዛዙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ኤክስኤስኤልቲ 2.0 ጋር ነው። ኤክስኤስኤልቲፕሮክ የሚባለው ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. የ1999ኙን 1.0 ብቻ ነው የሚያውቀው። 2.0ን የሚያውቀውን ሳክሰን ጫኑ።

ችግር፦ ኤክስኩዌሪ (የኤክስኤምኤል መጠየቂያ ቋንቋ) ላይ ከግሩፕ ባይ በኋላ ኪሎው ሳይደመር ተደርድሮ ይወጣል። ተለዋዋጩ አሁን የግሩፑን ኪሎዎች በሙሉ ይዟል፣ በሰም (sum) ፈንክሽን ደምሩት። ግሩፕ ባይ የገባው እ.ኤ.አ. በ2014 በኤክስኩዌሪ 3.0 ስለሆነ የቆየ ሞተር ካላችሁ በዲስቲንክት-ቫልዩስ (ድግግሞሽ የሌለበት ዝርዝር በሚሰጠው ፈንክሽን) ሥሩ። የፊደል ማስተካከያው እዚያም አይቀርላችሁም።